አልፎንስ ላቨራን፡ የወባን ምሥጢር በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ ያገኙት ወታደራዊ ሐኪም

በጅቡቲ ከተማ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣቱን ይወጋል። ከጣቱ ጫፍ የወጣችው አንዲት ጠብታ ደም በትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ትንጠባጠባለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት መስመር ከታየ ሕመሙ ወባ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ግን ወባ የለም ተብሎ ለትኩሳቱ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ይህ ቀላል መሣሪያ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸውና ላቦራቶሪ በሌላቸው የአፍሪካ መንደሮች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። በጅቡቲ ግን አንድ መስመር ብቻ መታየቱ አስተማማኝ ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል። ተመራማሪዎች በአገሪቱ ከሕሙማን በወሰዱት ደም ላይ ባደረጉት የዘር ምርመራ፣ ከወባ ተህዋሳቱ አብዛኞቹ መሣሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ ተህዋስ የታመመ ሰው በትኩሳት እየነደደ ነጻ ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

የጤና ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ከሚመለሱባቸው መንገዶች አንዱ የቆየው ዘዴ ነው። ደሙን በቀጭን ብርጭቆ ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ ይመለከቱታል። ፕሮቲኑን የሸሸገ ተህዋስ አካሉን ከሰው ዐይን መሸሸግ አይችልም። ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈቱት ከ140 ዓመታት በፊት በሰሜን አፍሪካ በአንድ የጦር ሆስፒታል ያገለግሉ የነበሩ ፈረንሳዊ ሐኪም ናቸው። ስማቸው ሻርል ሉዊ አልፎንስ ላቨራን ይባላል።

የሐኪም ልጅ

ላቨራን እ.አ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1845 በፓሪስ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው ሉዊ ቴዎዶር ላቨራን የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ፤ እናታቸውም ከወታደር ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ሕፃኑ አልፎንስ ያደጉት ስለ ጦር ሜዳና ስለ ወረርሽኝ በሚወራበት ቤት ውስጥ ነው።

አምስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ወደ አልጄሪያ ተመደቡ፤ ቤተሰቡም ተከትሎ ሄደ። ፈረንሳይ አልጄሪያን በኃይል መያዝ የጀመረችው በ1830 ሲሆን፣ ከአልጄሪያውያን ጥይት ይልቅ ብዙ ወታደር የሚገድልባት ትኩሳት ነበር። ላቨራን የልጅነታቸውን ስድስት ዓመታት በዚያች አገር አሳልፈው በ1856 ወደ ፓሪስ ተመለሱ። ኋላ ስማቸውን የሚያስጠራውን በሽታ ያወቁት ገና በልጅነታቸው ነው ማለት ይቻላል።

ሕክምናን በስትራስቡርግ ተምረው በ1867 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ነርቮች መልሶ ማደግ ነበር፤ ከወባ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ ወጣቱ ሐኪም ሜስ በተባለችው ከተማ ግንባር ቁስለኞችን አከሙ። ከተማዋ ተከብባ እጇን ስትሰጥም ከተማረከው ሠራዊት ጋር ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1874 በፓሪስ በሚገኘው የቫል ደ ግራስ ወታደራዊ የሕክምና ትምህርት ቤት የሠራዊት በሽታዎችና የወረርሽኝ መምህር ሆነው በውድድር ተመረጡ። ይህ ወንበር ቀደም ሲል የአባታቸው ነበር። የማስተማር ዘመናቸው ሲያበቃ፣ በ1878፣ ሠራዊቱ አባታቸው ወዳገለገሉባት አልጄሪያ ላካቸው። መጀመሪያ ቦን በምትባለው የዛሬዋ አናባ፣ ቀጥሎም በኮንስታንቲን ሆስፒታል ሠሩ።

መጥፎ አየር የተባለው በሽታ

በዚያ ዘመን ወባን ምን እንደሚያመጣው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብዙ አውሮፓውያን በሽታውን የሚጠሩበት ማላሪያ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነው። ከረግረግ የሚነሣ የበሰበሰ ትነት ሰውን ይመርዛል ተብሎ ይታመን ነበር። በእኛም አገር ደገኛው ንዳድን የቆላ አየርና ሙቀት የሚያመጣው አድርጎ ይፈራው ነበር። እሸት በቆሎ ከመብላት የሚመጣ ነው የሚል እምነትም በብዙ አካባቢ ነበረ።

እነዚህ እምነቶች ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቁ አልነበሩም። ረግረግ የትንኝ መራቢያ ነው፤ በቆሎ የሚያሸተውም ዝናቡ አቋርጦ ውሃው በየጉድጓዱ በሚተኛበት ወራት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የበቆሎ ብናኝ ውሃ ላይ ሲረግፍ ለትንኝ እጮች ምግብ እንደሚሆን አሳይተዋል። ሰዉ ያየው ነገር ትክክል ነበር፤ የጎደለው በመካከል ያለው ሰንሰለት ነው።

መድኃኒቱ ግን ከምክንያቱ ቀድሞ ታውቆ ነበር። በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ፋርማሲስቶች ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ኪኒንን ነጥለው አወጡ። ዛሬ በአማርኛ ለማንኛውም እንክብል መጠሪያ የሆነው ኪኒን የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ መድኃኒት ነው። በ1830ዎቹ ደግሞ ፍራንሷ ማዮ የተባሉ ወታደራዊ ሐኪም በዚያችው በቦን ከተማ ለትኩሳት ሕሙማን ኪኒንን በበቂ መጠን በመስጠት የብዙዎችን ሞት አስቀርተዋል።

ችግሩ የትኛው ትኩሳት ወባ እንደሆነ፣ የትኛውስ እንዳልሆነ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነበር። ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም፣ ወባም ሰውን ያነድዳሉ። ሐኪሙ ኪኒን ሰጥቶ ይጠብቃል። ትኩሳቱ ከወረደ ወባ ነበር ይባላል፤ ካልወረደ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ምርመራ የሚባለው ይኸው ነበር።

ኅዳር 6 ቀን 1880

ላቨራን ሥራቸውን የጀመሩት ከሙታን ነው። በወባ የሞቱ ወታደሮች አስከሬን ሲከፈት ጣፊያቸውና ጉበታቸው ጠቁሮ ይገኝ ነበር። ጥቁሩ ነገር ደቃቅ ቅንጣት መሆኑን ሌሎች ሐኪሞች ከርሳቸው በፊት አይተውታል። ከየት እንደሚመጣ ግን አልታወቀም። ላቨራን ይህ ቅንጣት በሽተኛው በሕይወት ሳለ በደሙ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ።

ስለዚህ ከሙታን ወደ ሕያዋን ዞሩ። ከሕሙማኑ ጣት አንዲት ጠብታ ደም እየወሰዱ፣ ሳያደርቁና ቀለም ሳይቀቡ፣ እንደ ትኩስነቱ ይመለከቱ ጀመር። ማይክሮስኮፓቸው 400 ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጎላ ነበር። ዛሬ ለወባ ምርመራ የሚያገለግለው 1000 ጊዜ ያጎላል።

ኅዳር 6 ቀን 1880 ጠዋት በኮንስታንቲን ሆስፒታል ትኩሳት የያዘውን የአንድ ወታደር ደም ሲመለከቱ ከዚያ ቀደም ማንም ያላስተዋለውን ነገር አዩ። ጥቁር ቅንጣት ያዘለች ክብ አካል ነበረች፤ ከጠርዟ ላይ ቀጫጭን ክሮች ወጥተው እንደ ጅራፍ ይወናጨፋሉ፤ አጠገባቸው ያሉትንም ቀይ የደም ሕዋሳት ይገፋሉ። የሞተ ነገር እንዲህ አይንቀሳቀስም። ላቨራን በሰው ደም ውስጥ የሚኖር ሕያው ፍጡር እያዩ መሆናቸውን ያለ ጥርጥር ተረዱ።

ነገሩን ከቀደሟቸው ሰዎች የሰወረው የአሠራር ልዩነት ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ደሙን አድርቀው ወይም ቀለም ቀብተው ያዩት ነበር፤ ያን ጊዜ ተህዋሱ ይሞታል፤ እንቅስቃሴውም ይቆማል። ያ የጅራፍ ውዝዋዜ የሚታየው ደሙ ከሰውነት ወጥቶ ጥቂት ሲቀዘቅዝ ነው። በተፈጥሮ ይህ የሚሆነው በትንኟ ሆድ ውስጥ ሲሆን፣ ወንዱ ተህዋስ ከሴቷ ጋር ለመዋሐድ የሚዘጋጅበት ሂደት ነው። ላቨራን በብርጭቆ ላይ ያዩት በትንኝ ሆድ ውስጥ የሚፈጸመውን ነገር ነበር። እርሳቸውም ሆኑ ሌሎች ይህን ያወቁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚያው ወር የግኝታቸውን ዘገባ ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ላኩ። ከዚያም ሥራቸውን ቀጠሉ። ከመረመሯቸው 192 የወባ ሕሙማን መካከል በ148ቱ ደም ውስጥ ይህንኑ ተህዋስ አገኙ። ኪኒን የወሰደ ሰው ደም ሲመረመር ደግሞ ተህዋሱ ይጠፋል። መድኃኒቱ ትኩሳቱን የሚያበርደው የትኩሳቱን ምንጭ በመግደል መሆኑ በዚህ ተገለጠ።

የማያምን ዓለም

ግኝቱ በጭብጨባ አልተቀበሉትም። ዘመኑ የባክቴሪያ ዘመን ነበር። ሉዊ ፓስተርና ሮበርት ኮህ ለየበሽታው አንድ አንድ ባክቴሪያ ያገኙ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1879 ሁለት ታዋቂ ተመራማሪዎች፣ ጀርመናዊው ክሌብስና ጣሊያናዊው ቶማሲ ክሩዴሊ፣ በሮም አቅራቢያ ካለ ረግረግ የወባን ባክቴሪያ አግኝተናል ብለው አሳውቀዋል። ከሩቅ የአፍሪካ ጦር ሰፈር የመጣ ስሙ ያልታወቀ ሐኪም ባክቴሪያ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ሕያው ነገር ነው ሲል ብዙዎቹ ችላ አሉት።

ላቨራን በ1882 ሮም ድረስ ሄዱ። ወባ የነገሠባቸው ረግረጎች ከከተማዋ አጠገብ ነበሩና በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ ሕሙማን ደም ወስደው ሲመረምሩ በአልጄሪያ ያዩትን ተህዋስ አገኙት። በሽታው በአፍሪካም በአውሮፓም አንድ መሆኑ ተረጋገጠላቸው። ለጣሊያናውያን ሐኪሞችም አሳዩአቸው፤ ነገር ግን እነዚህ የተበላሹ ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው የሚል መልስ ነበር ያገኙት።

ሙግቱ እየላላ የመጣው በ1884 እና በ1885 ነው። ፓስተር ራሳቸው የላቨራንን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው ተቀበሉ። ሲጠራጠሩ የነበሩት ጣሊያናውያኑ ማርኪያፋቫና ቼሊም በተሻለ ማይክሮስኮፕ ተህዋሱን አይተው አመኑ፤ ፕላዝሞዲየም የሚለውንም ስም ሰጡት። ላቨራን ያወጡለት ስም ሳይጸድቅ ቀረ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ሌሎች ባወጡለት ስም ነው።

ላቨራን በ1884 ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላ ጥያቄ አነሡ። ተህዋሱ ከሰውነት ውጭ የት ይኖራል? በአየር፣ በውሃና በአፈር ፈልገው አጥተውታል። ትንኝ በዚህ ነገር ድርሻ ሊኖራት ይችላል ሲሉ ግምታቸውን ሰነዘሩ። ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ፓትሪክ ማንሰንም ተመሳሳይ ሐሳብ ነበራቸው። ማንሰን በ1894 የላቨራንን ተህዋስ በማይክሮስኮፕ ያሳዩት በህንድ የሚያገለግል አንድ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም፣ ሮናልድ ሮስ፣ እስከዚያን ቀን ድረስ ላቨራን አየሁ ያሉትን የማያምን ሰው ነበር።

ሮስ ወደ ህንድ ተመልሶ ነሐሴ 20 ቀን 1897 ሴከንደራባድ በተባለች ከተማ የወባ በሽተኛን ደም በመጠጠች ትንኝ ሆድ ውስጥ ተህዋሱን አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በወፎች ወባ ላይ ባደረገው ጥናት ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየ፤ ጣሊያናውያንም የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ የተባለች ትንኝ መሆኗን አረጋገጡ። ሮስ ትንኟን በከፈተባት በዚያችው በ1897 ዓ.ም. ፈረንሳውያን ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀውን የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ያ መስመር ከመቶ ዓመት በኋላ በወባ ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል ብሎ ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

ሠራዊቱ የፈለገው ሌላ ሰው ነበር

ዓለም የላቨራንን ስም እያወቀ ሲመጣ የገዛ ሠራዊታቸው ግን ዋጋቸውን አላወቀም። ከአልጄሪያ ተመልሰው በቫል ደ ግራስ የወታደራዊ ጤና አጠባበቅ መምህር ሆነው አሥር ዓመት አገለገሉ። በ1889 የሳይንስ አካዳሚ ታላቅ ሽልማት ሰጣቸው። በ1894 የመምህርነት ዘመናቸው ሲያበቃ ምርምራቸውን ሊቀጥሉ የሚችሉበት ቦታ ተመኙ። የተሰጣቸው የአስተዳደር ሥራ ነው። መጀመሪያ በሊል፣ ቀጥሎም በናንት ተመደቡ። ቦታው ማዕረግ አለው፤ ላቦራቶሪ ግን የለውም፤ ሕሙማንም የሉትም።

የወባን ተህዋስ ያገኙት ሰው የመጋዘን ዝርዝርና የሠራተኛ ደብዳቤ የሚፈርሙ ሆኑ። ሁለት ዓመት ታግሠው በ1896 ከሠራዊቱ ወጡ። ዕድሜያቸው 51 ነበር። የፓስተር ተቋም በሩን ከፈተላቸው፤ በዚያም በክብር አባልነት ያለ ደመወዝ መሥራት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ አምስት ዓመታት የሥራ ዓመታት ናቸው። ላቨራን ወባ ከባክቴሪያ ሌላ የሆኑ ጥቃቅን እንስሳት በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጡ ካሳየ፣ ሌሎችም እንደዚያው ያሉ በሽታዎች ይኖራሉ ብለው ፈለጉ። ፌሊክስ ሜስኒል ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የእንቅልፍ በሽታንና የከብት ገንዲን ስለሚያመጡት ተህዋሳት ሰፊ ጥናት አደረጉ፤ በ1904ም በዚሁ ላይ መጽሐፍ አሳተሙ። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ዛሬም ሰውን የሚገድለውን የካላዛር ተህዋስ መጀመሪያ ላይ ካጠኑትና ስም ካወጡለት መካከልም ሁለቱ ይገኛሉ።

በ1907 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለላቨራን ተሰጠ። በዚህ ዘርፍ ሽልማቱን ያገኙ የመጀመሪያው ፈረንሳዊ ናቸው። ሮስ ከርሳቸው አምስት ዓመት ቀድሞ ተሸልሟል፤ ተከታዩ ከመሪው በፊት መሸለሙ ያኔም አነጋግሯል። ላቨራን ከሽልማቱ ገንዘብ ግማሹን በፓስተር ተቋም ውስጥ የሞቃት አገሮች በሽታዎች ላቦራቶሪ ለማቋቋም ሰጡ። በዚያው ዘመን የእነዚህን በሽታዎች ተመራማሪዎች የሚያሰባስብ ማኅበር መሥርተው ለዓመታት በሊቀመንበርነት መሩት።

ከባለቤታቸው ከሶፊ ማሪ ፒዳንሴ ጋር በ1885 ቢጋቡም ልጅ አልወለዱም። ግንቦት 18 ቀን 1922 በ76 ዓመታቸው በፓሪስ አረፉ፤ በሞንፓርናስ መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

ሕይወታቸውን ስናወሳ መተው የማይገባው ነገር አለ። ላቨራን የቅኝ ገዢ ሠራዊት ሐኪም ነበሩ። መጀመሪያ ሊያድኗቸው የተላኩት ወራሪ ወታደሮችን ነው። በአልጄሪያም ሆነ በኋላ በጅቡቲ፣ ዘመናዊ ሕክምና ቀድሞ የደረሰው ለሠራዊቱ፣ ለወደቡና ለአስተዳደሩ ሰዎች ነው፤ ለአገሬው ሕዝብ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ዕውቀቱ ግን ላመጡት ሰዎች ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ማይክሮስኮፕና ብርጭቆ ያለው ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ሆነ።

ከኮንስታንቲን እስከ ጅቡቲ

ዕውቀት ብቻውን በቂ አለመሆኑን አካባቢያችን በመራራ ዋጋ ተምሮታል። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። ላቨራን ተህዋሱን ካዩ 78 ዓመታት አልፈው ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ ምርመራውም ነበረ፤ ወደ ገበሬው ደጃፍ የሚያደርሰው ግን አልነበረም። ሰፊ የመከላከል ዘመቻ የተጀመረው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው።

ጅቡቲ ከዚህ የተለየ ታሪክ ነበራት። ደረቅ አገር ናት፤ ወንዞቿም ከዝናብ በኋላ ጥቂት ፈስሰው የሚደርቁ ናቸው። ወባ ለረጅም ዘመን ትልቅ ችግር አልነበረም። በ2012 በመላ አገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በሽታውን ጨርሶ ለማጥፋት የቀረው ጥቂት ርምጃ ይመስል ነበር።

በዚያው ዓመት በጅቡቲ ከተማ አንዲት እንግዳ ትንኝ ተገኘች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። የትውልድ አገሯ ህንድ ክፍለ አህጉርና የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው፤ ሳይንቲስቶች በስሟ የመዘገቧትም በ1901 በህንድ ነው። ከነባሮቹ የአፍሪካ የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ ኑሮዋ ነው። ረግረግ አትፈልግም። ሰዎች ውሃ በሚያጠራቅሙበት በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳና ባልተከደነ ጀሪካን ውስጥ ትራባለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉም ቤት ውሃ ያጠራቅማል። ስለዚህ መራቢያዋ በየቤቱ ነው፤ በድርቅ ወቅትም አይጠፋም። ሰው ወደ አጎበሩ ከመግባቱ በፊት፣ ገና በምሽቱ ጨዋታ ላይ ሳለ፣ ከቤት ውጭ ልትነድፍም ትችላለች።

ውጤቱ አስደንጋጭ ሆነ። በ2020 በጅቡቲ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን ከ73 ሺህ በላይ ደረሱ። አገሪቱ ያላት ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን አብዛኛው በዋና ከተማዋ የሚኖር ነው። ትንኟ በጅቡቲም አልቆመችም። በ2016 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ደግሞ የባቡሩና የከባድ መኪናው መንገድ በሚያልፍባት ድሬዳዋ፣ ወባ ብዙም በማይጠበቅበት የበጋ ወራት፣ ወረርሽኝ ተነሣ። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች በሕሙማኑ መኖሪያ አካባቢ ያገኟት ትንኝ ይህችው ነበረች።

የማይታየው ተህዋስ

በዚህ ላይ ሁለተኛው ችግር ተጨመረ። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚሠራው ገዳዩ የወባ ዓይነት ወደ ደም የሚለቀውን አንድ ፕሮቲን በመያዝ ነው። ፕሮቲኑን የሚያዘው ዘር የጠፋባቸው ተህዋሳት መኖራቸው መጀመሪያ የታወቀው በ2010 በፔሩ ነው። በኋላ በኤርትራ፣ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ተገኙ።

ነገሩ የሚባባሰው በራሱ በምርመራው ምክንያት ነው። ፕሮቲን የሚለቀው ተህዋስ በመሣሪያው ይያዛል፤ በሽተኛው መድኃኒት ይወስዳል፤ ተህዋሱም ይሞታል። ፕሮቲን የማይለቀው ግን ያመልጣል፤ በበሽተኛው ደም ውስጥ ቆይቶ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። እንዲህ እየሆነ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚበዛው የማይታየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእንዲህ ያሉ ተህዋሳት ምክንያት የሚያመልጡት ሕሙማን ከመቶ አምስት ሲደርሱ አገሮች መመርመሪያቸውን እንዲቀይሩ ይመክራል። ጅቡቲ ከዚህ መጠን በብዙ አልፋለች።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ሌላ ፕሮቲን የሚለዩ መመርመሪያዎች አሉ። የላቨራን ማይክሮስኮፕም አለ። ይህኛው ግን የሠለጠነ ዐይን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ንጹሕ ብርጭቆ፣ ጥሩ ማቅለሚያና ጊዜ ይጠይቃል። በቀን ከመቶ በላይ ስላይድ የሚያይ የደከመ ባለሙያ ጥቂት ተህዋሳት ሊያመልጡት ይችላሉ። በፈጣን መመርመሪያ መምጣት ምክንያት የማይክሮስኮፕ ሥልጠና በተዘነጋባቸው ቦታዎች ደግሞ ሙያውን መልሶ ማቆም ዓመታት ይወስዳል።

ጅቡቲ አዳዲስ መንገዶችንም እየሞከረች ነው። በግንቦት 2024 በዋና ከተማዋ አምቡሊ በተባለው ሰፈር ዘራቸው በላቦራቶሪ የተለወጠ ወንድ ትንኞች ተለቀዋል። ወንድ ትንኝ ሰው አይነድፍም። እነዚህ ከዱር ሴቶች ጋር ሲራቡ የሚወለዱት ሴት ትንኞች ሳያድጉ እንዲሞቱ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ማንም ቤተሰብ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ በርሜልንና ሮቶን መክደን፣ ገንዳን በየሳምንቱ አፍስሶ መፋቅ። እጩ ትንኝ ለመሆን የሚያስፈልገው አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን በላይ ነውና።

በኢትዮጵያና በጅቡቲ መካከል በየቀኑ ሾፌሮች፣ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ይመላለሳሉ፤ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር የሚሹ ወጣቶችም በእግራቸው ያቋርጣሉ። ከመካከላቸው በትኩሳት የሚያዝ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ በፈጣኑ መመርመሪያ ነጻ ነህ ከተባለ በኋላ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ተመልሶ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት መጠየቅ ያለበት መሆኑን ነው። ገዳዩ ወባ ካልታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ አእምሮን ሊያስት፣ ነፍስንም ሊያሳልፍ ይችላል። በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል።

ላቨራን ኮንስታንቲን ላይ በነበራቸው መሣሪያ ብዙ ነገር ማየት አይችሉም ነበር። ያን ተህዋስ ማን እንደሚያስተላልፈው አላወቁም፤ ጥቁሩ ቅንጣት ምን እንደሆነም ሙሉ በሙሉ አልተረዱም። ከሌሎች የለያቸው በሽተኛው ነደድኩ ሲል በግምት ከማለፍ ይልቅ የራሱን ደም ደጋግመው መመልከታቸው ነው። ዛሬ በጅቡቲ ከተማ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ አንድ መስመር ብቻ ያሳየውን መመርመሪያ ወደ ጎን አድርጎ ስላይድ ሲያነሣ፣ የሚያደርገው ላቨራን በዚያ ኅዳር ጠዋት ያደረጉትን ነው።